«ላቭ» እና «ቻሪቲ» ስለሚባሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃሎች

«ላቭ» እና «ቻሪቲ» በትውልዳቸው አይዛመዱም። «ላቭ» ጥንቱን የእንግሊዝ የአገር ቃል ነው፤ «ቻሪቲ» ግን «ካሪታስ» ከሚለው የላቲን ቃል ወጥቶ በፈረንሳይኛ በኩል የገባ ነው፤ ሥሩም ውድ፥ ክቡር ማለት ነው። ሁለቱን ያገናኛቸው «አጋፔ» የሚባለው የግሪክኛ ቃል ትርጓሜ ነው።

ዊልያም ቲንዴል በ1526 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ሐዲስ ኪዳንን ከግሪክኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ባሳተመ ጊዜ «አጋፔ»ን «ላቭ» አለው። ሰር ቶማስ ሞር ግን በ1529 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፍ ነቀፈው፤ «ላቭ» ለመልካሙም ለክፉውም መውደድ ስለሚነገር ቅዱሱን ፍቅር የሚለየው «ቻሪቲ» ነው ሲል፥ ከቃሉ ለውጥ በስተኋላም የሉተርን ትምህርት አየ። ቲንዴልም በ1531 ዓ.ም. ሲመልስ እግዚአብሔርን ውደድ፥ ባልንጀራህን ውደድ ለማለት «ላቭ» እንጂ «ቻሪቲ» እንደማይነገር አመለከተ፤ «ቻሪቲ» ስም ብቻ ነው እንጂ እንዲህ የሚነገር ግስ የለውምና። ሞር በ1535 ዓ.ም. አንገቱን ተቈረጠ፤ ቲንዴልም በ1536 ዓ.ም. በብራስልስ አጠገብ ታንቆ ተቃጠለ። እንግዲህ የተከራከሩት ቃልን እንደ ጨዋታ የሚመለከቱ ሰዎች አልነበሩም።

በ1611 ዓ.ም. በንጉሥ ጄምስ ትእዛዝ የወጣው መጽሐፍ ሁለቱንም ያዘ፤ በዮሐንስ መልእክት እግዚአብሔር ፍቅር እንደ ሆነ በ«ላቭ» ሲናገር፥ በአንደኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 13 ግን «ቻሪቲ» ይላል። በ1881 ዓ.ም. የታረመው ሐዲስ ኪዳን ይህንንም «ላቭ» አደረገው።

ከጊዜ ብዛት «ቻሪቲ» ጠበበ፤ ዛሬ በብዛት የሚነገረው ለምጽዋትና ለርዳታ ማኅበር ነው። ስለዚህ የ1611ን መጽሐፍ የሚያነብ የዛሬ ሰው ገንዘቡን ሁሉ ለድኆች የሰጠ ሰው «ቻሪቲ» ከሌለው አይጠቀምም የሚል ነገር ሲያገኝ፥ ምጽዋት ሰጥቶ ምጽዋት የሌለው እንዴት ይሆናል ብሎ ይደናገራል። በአማርኛ ግን ምጽዋትና ፍቅር የተለያዩ ቃሎች ስለ ሆኑ የሐዋርያው ምሥጢር ሳይሰወር ይገለጣል።

የሞርም ሥጋት ከንቱ አልነበረም፤ «ላቭ» እጅግ ሰፍቶ ለምግብና ለልብስ እንኳ ይነገራልና። ነገር ግን ሚዛኑ ወደ ቲንዴል ያደላል። ሐዋርያው ፍቅር ታጋሽና ቸር እንደ ሆነ፥ እንደማይቀናና እንደማይታበይ ቈጥሮ ስለሚያስረዳ፥ ሰፊውን ቃል ምዕራፉ ራሱ ይወስነዋል፤ የጠበበውን ቃል ግን ተርጓሚ ካልደረሰለት አንባቢው ብቻውን አያሰፋውም።