የፋሲል ግቢ እድሳት በወቅፍ ሚዛን

የፋሲል ግቢ በቅርብ ዓመታት በመንግሥት ወጪ ሲታደስ ብዙ ተነግሯል፤ በንግግሩ ውስጥ ጎልቶ የተሰማው ግን ወጪውና ውበቱ ነው። ሥራው ምስጋና የሚገባው መሆኑን እናምናለን። ይሁን እንጂ ውይይቱ አንድ ጥያቄ ጎድሎታል እንላለን፦ የታደሰውን ነገ ማን፣ በምን ገቢ ይጠብቀዋል?

ጥያቄው ከግቢው ታሪክ ይነሣል። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን በተደረገው ጥገና ሲሚንቶ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በዩኔስኮ ድጋፍ በተካሄደው ሥራ ደግሞ በኖራ እንዲተካ ተደረገ። ኖራ እርጥበትን ያሳልፋል፤ ሲሚንቶ ግን በግንቡ ውስጥ ያግደዋል። ገንዘብና ጉልበት ያለ ዕውቀት እንደሚጎዱ ከዚህ እንረዳለን። በጎ ፈቃደኝነትም ልክ አለው፦ ቆሻሻ ማንሣትና የዝናብ መውረጃ መጥረግ ለደቦ ይሆናል፤ ግንብ መጠገን ግን የባለ ሙያ ድርሻ ነው።

ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ) በኸይበር ያገኙትን መሬት ወቅፍ ሲያደርጉ፣ መሬቱ እንዳይሸጥና እንዳይወረስ፣ ፍሬው ለድሆችና ለመንገደኞች እንዲውል ደነገጉ፤ የሚያስተዳድረውም ሰው በአግባቡ እንዲጠቀም ፈቀዱ። በዚህ ውስጥ የማይነካ ሀብት፣ የማያቋርጥ ገቢና የታወቀ ጠባቂ አሉ። የእድሳት መዋጮ ግን ሕንጻው በተመረቀ ማግስት ያልቃል። በየመስጊዱም ያለው ልማድ ከዚህ አይርቅም፤ ለአዲስ ሕንጻ ሰደቃ ይለመናል፣ ለቆየው ጣሪያ የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

«የነገሥታት ግንብ ለሙስሊሙ ምኑ ነው?» የሚል ሊኖር ይችላል። በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1668 በተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወስኖ ነበር፤ አዲስ ዓለምም የጎንደር ሙስሊሞች ሰፈር ሆና ኖረች። ይህ ሐዘን ሐቅ ነው። ነገር ግን የከተማይቱን ንግድና ሽመና ካቆሙት እጆች መካከል የዚያ ሰፈር ሰዎች ነበሩ። ዛሬ ከቅርሱ ራሳችንን ብናርቅ፣ ያን መለየት በገዛ እጃችን እንፈጽመዋለን። ወቅፍም ለመስጊድ ብቻ አልተወሰነም፤ ጉድጓድና ድልድይ፣ ማረፊያና ትምህርት ቤት በእርሱ ቆመዋል።

ስለዚህ ኢማሞች በኹጥባቸው፣ መምህራን በትምህርታቸው፣ ከመገንባት ቀጥሎ መጠበቅም ዒባዳ ሊሆን እንደሚችል ያስተምሩ። በአዲስ ዓለም አንዲት ትንሽ ሱቅ እንኳ ወቅፍ ብትሆንና ኪራይዋ ለኖራና ለግንበኛ ደመወዝ በየዓመቱ ቢውል፣ ከአንድ ጊዜ ትልቅ መዋጮ ይልቅ ዕድሜ ይኖረዋል። መዝገቡም ለጀማዓው ክፍት ይሁን፤ አማና የሚታወቀው ሒሳቡ ሲታይ ነውና።