«በእኔ አስተያየት» ብሎ መቀመጥ

የእንግሊዝኛ መምህር የሰሞኑን ዜና ይዞ ክፍል ሲገባ ደስ ይላል። መማሪያ መጽሐፍ ያረጃል፤ ዜና ግን ትኩስ ነው። ተማሪውም ቤቱ ሲወራ የሰማውን በባዕድ ቋንቋ እንዲናገርበት ይጋብዘዋል። ዘዴው መልካም ሆኖ ሳለ የሚያስተዛዝበው አፈጻጸሙ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። መምህሩ ዜናውን ያነብና «አይ ቲንክ»፣ «ኢን ማይ ኦፒኒየን»፣ «አይ ዲስአግሪ» የሚሉ ሐረጎችን በጥቁር ሰሌዳው ላይ ይደረድራል። ተማሪዎቹም በየተራ ተነሥተው «በእኔ አስተያየት ጥሩ ነው»፣ «በእኔ አስተያየት መጥፎ ነው» ብለው ይቀመጣሉ። «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ይህ ሐረግ ማስጠናት እንጂ ሐሳብ መለዋወጥ አይደለም።

እስቲ አንድ ዜና እንውሰድ። መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ትዕግሥት አሰፋ የበርሊንን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ጨርሳ፣ በጥቅምት 2017 ቺካጎ ላይ እስኪሰበር ድረስ የቆየውን የዓለም ክብረ ወሰን ያዘች። ይህ የተመዘገበ እውነት ነው፤ ክርክር አያሻውም። ያደረገችው ጫማ ግን 140 ግራም እንኳ የማይሞላ፣ ዋጋውም 500 ዶላር የሆነ አዲስ ሥሪት ነበር። ለመሆኑ ድሉ የእግር ነው ወይስ የጫማ? ገንዘቡ የሌለው ሯጭስ ምን ይሁን? ሐሳብ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። «ጫማው ብቻ ቢሆን ኖሮ ያንኑ ያጠለቀ ሁሉ ክብረ ወሰን በሰበረ ነበር» ለማለት የፈለገ ልጅ፣ ሲያሰለቸው የኖረውን የሰዋስው ሕግ ራሱ ፈልጎ ይጠይቃል። «ምናልባት»ን ከ«የግድ» ለይቶ በእንግሊዝኛ መናገርም ያኔ ያስፈልገዋል።

«ልጆቻችን መከራከር አያውቁም» የሚለው ምክንያት አያሳምንም። «በላ ልበልሃ» እየተባባለ በችሎት ሲሟገት የኖረ ሕዝብ ልጆች ናቸው። ዝም የሚያሰኛቸው ሌላ ነው። መምህሩ የራሱን አቋም አስቀድሞ ተናግሮ «እናንተስ?» ሲል፣ ማርክ የሚሰጠውን ሰው ማን ደፍሮ ይቃወማል? «በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ» የሚለውን ተረት እኮ ተማሪውም ያውቀዋል።

ጉዳዩ የአንድ ክፍለ ጊዜ ጨዋታ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ቋንቋ አድርጎታል። በእንግሊዝኛ «ለምን?» ማለት ያልለመደ ተማሪ በባዮሎጂም በታሪክም ክፍል የተነገረውን ተቀብሎ ይወጣል። ስለዚህ መምህሩ የራሱን አስተያየት ለመጨረሻ ያቆየው፤ ማርኩንም ለአቋሙ ሳይሆን ለምክንያቱ ይስጥ። ከመምህሩ የተለየ ሐሳብ ይዞ ሙሉ ማርክ ያገኘ አንድ ተማሪ፣ ሰሌዳ ሙሉ ሐረግ የማያስተምረውን ለክፍሉ ያስተምራል።