«በቤት» ስለሚለው ቃል፤ የሜዲኬር የዊልቸር ደንብ ሲመረመር

የአሜሪካ መንግሥት ሜዲኬር የተባለውን የሽማግሌዎች የጤና መድን እ.ኤ.አ. በ1965 ሲያቋቁም፣ ዊልቸር የሚከፈልለት በበሽተኛው ቤት የሚያገለግል ሲሆን ነው የሚል ቃል በሕጉ አገባ። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ቃል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ደንብ ኤሌክትሪክ ዊልቸርን ከአልጋ ወይም ከወንበር ለማይነሡ ብቻ ይፈቅድ የነበረውን መለኪያ አስቀረ። በእርሱ ፈንታ ሰውየው በቤቱ ውስጥ መጸዳጃ ቤት መድረስ፣ መብላት፣ መልበስና መታጠብ መቻሉን ይመረምራል። ምርኩዝ ወይም የእጅ ዊልቸር የሚበቃው ከሆነ ኤሌክትሪኩን አያገኝም። የበሽታን ስም ትቶ ችሎታን መመዘኑ በእውነቱ የሚመሰገን ነው።

ጉድለቱ ግን ምዘናው ከደጃፍ ላይ ማለቁ ነው። አንዲት አሮጊት ምርኩዝ ይዘው ከአልጋቸው እስከ መጸዳጃ ቤት ከደረሱ፣ ገበያም ሆነ ቤተ ክርስቲያን መድረስ ባይችሉ እንኳ ደንቡ እንደ ተራማጅ ይቈጥራቸዋል። በሌላ በኩል፣ ፈጽሞ መራመድ ያቃታቸው ሰው የቤታቸው በር ጠባብ ከሆነና ኤሌክትሪክ ዊልቸሩ በክፍሎቹ መካከል ማለፍ ካልቻለ ይከለከላሉ። በር ለማስፋትና መወጣጫ ለማሠራት ደግሞ ሜዲኬር አይከፍልም። ስለዚህ በጠባብ ቤት የሚኖር ድኻ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። ቢፈቀድለትም እንኳ ከዋጋው 20 በመቶው የራሱ ዕዳ ነው።

የሕዝብ ገንዘብ ያለ ወሰን አይሰጥም የሚሉ ወገኖች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 በሂውስተን አካባቢ የተጋለጠውንም የዊልቸር ማጭበርበር ያስታውሳሉ። ወሰን እንደሚያስፈልግ እኛም እንቀበላለን። ነገር ግን ሐሰተኛ ሰነድ የሚያቀርብ ነጋዴ «በቤት ያስፈልገዋል» ብሎ ለመጻፍ አይቸገርም። እርሱን የሚይዘው የሰነድ ምርመራ ነው፤ ቃሉ የሚይዘው እውነተኛውን ችግረኛ ነው።

ደግሞም ሕጉ ራሱ ሆስፒታልን ከ«ቤት» ትርጉም ያወጣል። እንደ እኛ አስተያየት ቃሉ በሆስፒታልና በመኖሪያ መካከል ወሰን ለማበጀት ይበቃል፤ በመኖሪያና በመንገድ መካከል አጥር እንዲሆን የሚያስገድድ ምክንያት አናይም። እ.ኤ.አ. በ2023 መቀመጫን ከፍ ለሚያደርግ መሣሪያ ክፍያ ሲፈቀድም ይህ አጥር አልተነሣም።

በአሜሪካ የሚኖሩ፣ ሜዲኬር ያላቸው የአገራችን ሽማግሌዎችም በዚሁ ደንብ ይዳኛሉ። ለቅሶ መድረስና ቤተ ክርስቲያን መሳለም ለእነርሱ እንደ መብላትና እንደ መልበስ የዕለት ኑሮ ናቸው። ስለዚህ መለኪያው «በቤትና በሰፈር» ተብሎ እንዲሰፋ አሳባችንን እናቀርባለን።