በእህል መሳል

የሙከራ መደብ ሲቀይስ የኖረ ሰው ዓይኑ እንደ ጤነኛ ሰው ዓይን አያይም። ማሳ ፊት ሲቆም ከሰብሉ በፊት መስመሩ ይታየዋል። ችካል፣ ሲባጎ፣ ሜትር፤ ማዕዘኑን ቀጥ የሚያደርግ የ3፣ የ4 እና የ5 ሜትር ሦስት ጎን፤ በስንዴ ረድፎች መካከል 20 ሳንቲ ሜትር። ከአሰላ ወጣ ብሎ ቁሉምሳ ምርምር ማዕከል ያሉትን መደቦች በጥቅምት ያየ ሰው ያውቃል፤ አንዱ ዝርያ ቢጫ መሆን ጀምሮ ጎረቤቱ ገና ለምለም ነው። ይህን ያመጣው የዝርያዎቹ የመድረሻ ጊዜ መለያየት እንጂ የሠዓሊ እጅ አይደለም።

የጃፓንን የሩዝ ሥዕል ፎቶ በስልኩ የሚያሳየኝ ወጣት ሁሉ «እዚህ አቦምሳስ አይሠራም ወይ?» ይለኛል። ይሠራል። ወጣቶቹ የሚጠይቁኝ ግን ስለ ቀለም ነው፤ እኔን የሚያስጨንቀኝ ቀኑና ተመልካቹ የሚቆምበት ቦታ ነው።

በአኦሞሪ ግዛት ያለችው የኢናካዳቴ መንደር ሥራውን በ1993 (እ.ኤ.አ.) የጀመረችው በሦስት የሩዝ ዓይነት የኢዋኪን ተራራ በመሳል ነበር። በ2003 ሞና ሊዛን ተከሉ። ከመንደሩ ጽሕፈት ቤት ማማ ላይ ሲታይ ግን ሴትዮዋ ከታች ሰፍታ፣ ከላይ ጠባ ቀረች። የራቀው ለዓይን ስለሚያጥር ነው። ከዚያ በኋላ የሩቁን ክፍል ረዘም አድርገው መቀየስ ጀመሩ። እኛ ግን ማማ መሥራት አያስፈልገንም። ከአቦምሳ ወደ አርባ ጉጉ ከፍታ የሚወጣ ሰው ቁልቁል የሚያየው ብዙ ነው፤ ፊት ለፊት ያዘነበለ ማሳ ከተገኘ ደግሞ ሥዕሉ ብዙም ሳይሳብ ይታያል። ስለዚህ ዘር ከመምረጤ በፊት መንገዱን ወጥቼ ተመልካቹ የት እንደሚቆም እመርጣለሁ።

ቀኑ ይከብዳል። በስንዴ መካከል በገብስ የተጻፈ ፊደል ለብዙ ሳምንት አረንጓዴ በአረንጓዴ ላይ ነው፤ አላፊ አግዳሚው ምንም አያይም። ገብሱ ቀድሞ ሲያሸት ፊደሉ ይወጣል። ስንዴው ሲደርስ ደግሞ ሁሉም አንድ መልክ ይይዝና ይጠፋል። ተልባ ይብሳል፤ ሰማያዊ አበባውን ጠዋት ከፍቶ ከሰዓት በኋላ ያረግፋል፤ በተልባ የተሣለን ወንዝ ለማየት በጊዜ መነሳት ያስፈልጋል። ጎመንዘር ቢጫውን ለረዥም ጊዜ ይይዛል፣ ዋጋውም ለገበሬው ይሻላል፤ እኔ ብሆን በደጋው ከእሱ እጀምራለሁ። አቦምሳ ግን ከአሰላ ዝቅ ያለ ነውና ለዚያ ጤፍ ይሻላል፤ ዛላው ሐምራዊ የሆነውን ከነጩ ጎን መዝራት ነው። የጤፍ ጠላቱ መጋሸብ ነው። ከባድ ዝናብ ከነፋስ ጋር አንድ ማታ ከመጣ ጠርዙ ሁሉ ተኝቶ ያድራል።

ስለ ቢጫ ሌላም ነገር አለ። አርሲ ውስጥ ያለ ጊዜው የመጣ ቢጫ ያስደነግጣል። በ2010 (እ.ኤ.አ.) ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን ዝርያ መታ፤ በ2013 ደግሞ የግንድ ዋግ ዲገሉን አወደመው። በብዙ ማሳ ላይ አንድ ዝርያ ሲነግሥ በሽታው የሚያቆመው ነገር አያገኝም። ኩታ ገጠም እርሻ ድንበር ለድንበር ያሉ ገበሬዎችን አስማምቶ አንድ ዘር በአንድ ሰሞን ሲያዘራ ለምርቱ ጥሩ ነው፣ ለሠዓሊ ግን ባዶ ሸራ ነው። ደግሞም ጥሩ ልምድ ነው፤ ጎረቤትን ከጎረቤት ማስማማት ለሥዕሉም ቅድመ ሁኔታ ነውና።

አርቲስቷ አግነስ ዴንስ በ1982 (እ.ኤ.አ.) ኒው ዮርክ ማንሃተን ውስጥ፣ ከመንትያዎቹ የንግድ ማዕከል ሕንፃዎች አጠገብ፣ በተደለደለ መሬት ላይ 2 ኤከር ስንዴ ዘራች። በነሐሴ ስታጭድ ያገኘችው 4 ኩንታል ተኩል ገደማ ነው። 0.8 ሄክታር ከዚህ በላይ አልሰጥ ካለ የአርሲ ገበሬ ባለሙያ ጠርቶ አፈሩን ያስመረምራል። እርሷ ግን የፈለገችው ምርት አልነበረም፤ ያን ያህል ዋጋ ያለው መሬት ላይ እህል ማብቀሉ ራሱ ጥያቄ ነበር። እዚህ ያ ጥያቄ አይሠራም፤ መሬቱ ድሮም የሚበላ ያበቅላል። ባለማሳው የሚጠይቀኝ ሌላ ነው፤ «ሲደርስ ማን ያጭደዋል? ከተደባለቀስ ማን ይገዛዋል?»

ልክ ነው። የብቅል ፋብሪካ ያልተደባለቀ ገብስ ይፈልጋል፤ ዘር ብዜትማ ጭራሽ ቅልቅል አይቀበልም። ሰርገኛ ጤፍ ገዢ አለው፤ ስንዴ ከተልባ ጋር ግን የለውም። በማጭድ ከሆነ እያንዳንዱን ቀለም ለብቻ አጭዶ፣ ለብቻ ከምሮ፣ በየተራ መውቃት ይቻላል፤ ለዚህ ደቦ ያስፈልጋል። ኮምባይነር ከሆነ ጥምዝምዝ ጠርዝ አይከተልም። ስለዚህ አሁን ወረቀት ላይ የምነድፈው ሁሉ ከኮምባይነሩ አፍ የሚሰፋ ቀጥ ያለ ቅርጽ ነው፤ ቀድሞ የሚደርሰውንም ዳር ላይ አደርገዋለሁ፣ ማሽኑ ሌላውን ሳይረግጥ ገብቶ እንዲወጣ።