ስም ሲዛወር፦ ስለ ሴሪኮሚያ ዝንቦች አመዳደብ

የአንድ ዝንብ የወገን ስም ተለወጠ ቢባል፣ «ታዲያ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል መምህር አይጠፋም። በበኩሌ ነገሩ የክፍላችን ጉዳይ ነው እላለሁ።

ሴሪኮሚያ በሰሜን አውሮፓ፣ በሰሜን እስያና በሰሜን አሜሪካ የሚገኙ፣ በአበባ ላይ የሚያንዣብቡ ዝንቦች ወገን ነው። እጫቸው በረግረግ ውኃ ውስጥ ያድጋል፤ የሚተነፍሰውም የአይጥ ጅራት በመሰለ ረጅም ቱቦ ነው። ሊኒየስ በ1758 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከነዚህ አንዷን ሙስካ ላፖና ብሎ ከቤት ዝንብ ጋር በአንድ ወገን አኖራት። ሜይገን በ1803 ሴሪኮሚያ የተባለውን ወገን ለየ። ሺነር ደግሞ በ1860 አርክቶፊላ የሚባል ሌላ ወገን አቆመ።

ትችቴ በዚህ በመጨረሻው ላይ ነው። ሴሪኮሚያ ሳይለንቲስ ጥቁርና ቢጫ ሆና ተርብ ትመስላለች፤ በአርክቶፊላ ሥር የነበረችው ሱፐርቢየንስ ግን ጠጉራም የዱር ንብ ትመስላለች። ልዩነቱ ዓይን ይስባል። ነገር ግን ይህ መልክ ወፍ እንዳይበላቸው የሚረዳቸው የውሰት ልብስ ነው። የውሰት ልብስ ደግሞ ስለ ዝምድና ሊመሰክር አይችልም። ይልቅስ ከአንቴናቸው የምትወጣውን ቀጭን ጠጉር ቀረብ ብሎ የተመለከተ፣ በሁለቱም እንደ ላባ ተበትና ያገኛታል። ይህ ብቻውን ነገሩን ባይቆርጠውም፣ ወፍ የማያየው ምልክት በመሆኑ ከቀለም የተሻለ ምስክር ነው። ስለዚህ ብዙ አጥኚዎች አርክቶፊላን ወደ ሴሪኮሚያ መመለሳቸው ተገቢ ይመስለኛል።

ሆኖም መመለሱም ነቀፌታ አያጣም። በቀድሞ መጻሕፍትና በሙዚየም ናሙናዎች ላይ የቆየው ስም አርክቶፊላ ነው። አዲሱን ስም ብቻ የተማረ ልጅ አንዷን ዝንብ ሁለት አድርጎ ይቆጥራታል። ጸሐፊዎች ሁለቱንም ስሞች ጎን ለጎን ቢያኖሩ ምን ይጎድልባቸዋል?

አንድ ጊዜ አንድ እጩ መምህር፣ «ስሙ ከተለወጠ በፈተና ላይ የትኛውን ልክ ልበል?» ሲል ጠየቀኝ። «መጽሐፉ ያለውን» ብዬ አለፍኩት። ስሕተቴ ነበር፤ ምክንያቱም ያን መልስ ይዞ ወደ ተማሪዎቹ ሄዷል። ዛሬ ቢጠይቀኝ ግን፣ «ስሙን ብቻ ሳይሆን የተመደበበትን ምክንያት ለጻፈው ሙሉ ማርክ ስጠው» እለው ነበር። ምደባ የሰው ፍርድ ነው፤ ፍርድም በማስረጃ ይጸናል፣ በማስረጃም ይሻራል። ተማሪው ይህን ካልተረዳ፣ መቶ ስም ቢሸመድድ ሳይንስ ተምሯል ለማለት ያስቸግራል።