የነብሩ ሰምና ወርቅ፦ የሾቶካን ዓርማ ከማንኩሳ ሲነበብ

የሾቶካን ካራቴ ሰልጣኝ ደረት ላይ በክብ ውስጥ የተሣለ ነብር አለ። ምን ማለት ነው ብለው ቢጠይቁ መልሱ አጭር ነው፤ ኃይል፣ ቁጣ፣ ንቃት። ይህ ፍቺ ሰሙን ይዞ ወርቁን የተወ ይመስለኛል።

ነብሩ መጀመሪያ የተሣለው ለመጽሐፍ ሽፋን ነው። በኦኪናዋ ሹሪ የተወለዱት የትምህርት ቤት መምህር ጊቺን ፉናኮሺ (እ.ኤ.አ. 1868–1957) እ.ኤ.አ. በ1922 ካራቴን በቶክዮ ካሳዩ በኋላ፣ ሰዓሊው ሆአን ኮሱጊ መጽሐፍ እንዲጽፉ ጎተጎታቸው፤ ሥዕሉም የእሱ ነው። በጃፓንኛ «ቶራ ኖ ማኪ» ቃሉ «የነብር ጥቅልል» ቢሆንም፣ የሚጠሩበት የአንድን ጥበብ ዋና መጽሐፍ ነው። እንደ ዋሸራና ጎንጅ ያሉ የቅኔ ቤቶችን ባፈራ አገር ያደገ የቅኔ ተማሪ ይህን ለመፍታት አይቸገርም። ነብሩ ሰም፣ መጽሐፉ ወርቅ፣ «ቶራ» ደግሞ ኅብረ ቃል። (በእኛ ቋንቋ ቶራ የዱር እንስሳ ስም መሆኑን ያስታወሰ ተማሪ ሌላ ኅብር ሳይፈልግ አይቀርም።)

ሾቶካን የሚለው የካራቴ ትምህርት ቤቱ ስምም ከዚሁ ጓሮ የበቀለ ነው። «ሾቶ» ፉናኮሺ ለግጥሞቻቸው የሚጠቀሙበት የብዕር ስም ሲሆን፣ ነፋስ የጥድ ዛፎችን ሲያወዛውዝ የሚሰማውን ሞገድ ያመለክታል። ጥዶቹ የነበሩት ቶራኦ በሚባል ተራራ ላይ ነው፤ ትርጉሙ የነብር ጅራት። «የነብርን ጅራት አይዙም፤ ከያዙም አይለቁም» ለሚል ሕዝብ ይህ አጋጣሚ ማብራሪያ አያሻውም።

ግን የትኛው ነብር? የኮሱጊው ባለ ሸንተረር ነው፤ በጃፓን ዱር አይኖርም፣ በሥዕልና በቆዳ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነው። የእኛው ነብር ዝንጉርጉር ነው። ነቢዩ ኤርምያስ ከኢትዮጵያዊ መልክ ጋር አጣምሮ ያነሣውም ይኸው ዝንጉርጉርነት ነው። አማርኛ ሁለቱን እንስሳት በአንድ ስም ስለሚጠራ፣ ዓርማው እዚህ ሲደርስ ሳይታወቅ ቆዳውን ይለውጣል። ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ባለው አገር የነብር ቆዳ የሚያስታውሰው የጀግናን ለምድ ነው፤ ጀብዱ ተሠርቶ የሚለበስ ክብር። ስለዚህ ሰልጣኙ ደረቱ ላይ የሚያየው ለምድ እንጂ ጥቅልል ባይሆን አይፈረድበትም። የሌሎች የካራቴ ትምህርት ቤቶች የቡጢ ዓርማም የራሱ ጣጣ አለው፤ የደርግን ዘመን ሰልፎች ላየ ሰው የተጨበጠ እጅ በመጀመሪያ የሚናገረው ስለ ስፖርት አይደለም።

ለምድንና ጥቅልልን እንደ ባላንጣ ማየት ግን በጎጃም ለምትገኘው ማንኩሳ አይስማማም። የቦታዋ ስም የገነነው በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው፤ በዛብህ፣ በስለት ለቤተ ክህነት የተሰጠው ልጅ፣ የተወለደው እዚያ ነው። በልብ ወለዱ ድጓና ቅኔ ያላቸው ወገኖች ጋሻና ጦር ካላቸው ጋር ተፋጠው ይታዩ ይሆናል። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ግን በሕይወታቸው ሁለቱንም ይዘዋል። በጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉ፣ በኋላም ያስተማሩ ሰው፣ ጣሊያን ሲወር ከራስ እምሩ ጋር ዘምተው፣ ተማርከው በጣሊያን እስር ቤት ዓመታት ቆዩ። ልብ ወለዱን ያሳተሙት ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው።