ግድግዳው የሚተነፍስ ቤት

ሚያዝያ ሲገባ የምኖርበት የሴቻ ሰፈር ዝናብ በዝናብ ይሆናል። ከብሎኬት በተሠራው ቤቴ ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ሳብ ሳደርገው ጀርባው ላይ ሻጋታ ተለጥፏል፤ ታጥፎ የከረመው ጋቢም ገና ሳይዘረጋ ይሸታል። በዚህ ሰሞን ሐሳቤ ሁሉ ሽቅብ፣ ጉም ወደማይለየው ዶርዜ ይሄዳል።

የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ እንደ ሸማ የተሸመነ ነው። ሰው ሁሉ ቁመቱንና የዝሆን ፊት መምሰሉን ያደንቃል፤ እኔን እሰየው የሚያሰኘኝ ግን ደረቅነቱ ነው። ውስጥ ምድጃው ይነዳል። ሙቀቱ አየሩን ያደርቃል፤ ጭሱ ሽቅብ ወጥቶ በቀርከሃው መሐል ቀስ እያለ ሾልኮ ሲወጣ እርጥበቱን ይዞ ይሄዳል። ቀና ብላችሁ ብታዩ ቀርከሃው ጥላሸት ጠጥቶ፣ ቅባት እንደጠገበ ቆዳ ያብረቀርቃል። አንድ ጊዜ በጣቴ ነክቼዋለሁ፤ ደረቅ ነው። ምስጥም ጭሱን አይወድም። ግርጌውን ከበላው ደግሞ ቤቱ እንዳለ ተነቅሎ፣ በሰው ሸክም ወደ አዲስ ቦታ ይዛወራል።

ጭሱ ዓይንና ሳንባ እንደሚጎዳ አውቃለሁ፤ በዚያ አልከራከርም። በሌላው ዓለም ቤት የማድረቁን ሥራ የእርጥበት መምጠጫ ማሽን ይሠራዋል፤ አየሩን በቀዝቃዛ ቱቦ ላይ አሳልፎ ውሃውን ያንጠባጥባል፣ የቤቱንም እርጥበት ከ60 በመቶ በታች ይይዛል። የዶርዜ ሰዎች ግን ግድግዳውን ራሱን መተንፈሻ አደረጉት። እኔም ዛሬ ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አራቅሁት፤ ዝናቡ ጋብ ሲል መስኮቶቹን ግራና ቀኝ ከፈትኩ።